ዳሌዬ ውስጥ ያለው ስንት ቁጥር ነው?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ጤና ይስጥልኝ። ከዚህ በፊት ለጋዜጣ ጽፌ አላውቅም፤ እጄ የለመደው ከብዕር ይልቅ መቀስ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ለአርባ ዓመት ጥቂት ለቀረው ጊዜ ሱፍ ስሰፋ የኖርኩ ልብስ ሰፊ ነኝ። እንድጽፍ ያደረገኝም አንድ ሱሪ ነው።

ባለፈው ወር ዕድሜው አምሳ ያልሞላ ሰው አዲስ ሱሪ በፌስታል ይዞ ሱቄ መጣ። «ጋሼ፣ የግራውን እግር ብቻ አንድ ሴንቲ አሳጥርልኝ» አለኝ። ሰው ሲያሳጥር ሁለቱንም ነው፤ አንዱን ብቻ የሚል ደንበኛ ስንት ዓመት ሆኖኛል ካየሁ። ቀና ብዬ አቋቋሙን አየሁና «ቀኝ ዳሌህን ነው የተቀየርከው?» አልኩት። ደነገጠ። ጠንቋይ ሳልመስለው አልቀረሁም። ዳሌው ከተቀየረ ስምንት ወሩ ነው። ብሽሽቱን ያመዋል። ሄዶ ሲናገር «ትለምደዋለህ» ተብሎ ተመልሷል። ምን ዓይነት ዕቃ ነው የገባልህ ስለው «ብረት» አለኝ። ስንት ቁጥር? አያውቅም። ወረቀት ሰጥተውሃል? የመውጫ ወረቀት ቤት አለ፣ ግን ምን እንደሚል አላየሁትም አለ።

ያን ሰው ቁሜ ሳየው ራሴን ያየሁ መሰለኝ። እኔም ሦስት ዓመት ከሰባት ወር ልክ እንደሱ ነበርኩ።

ነገሩን ከመነሻው ላውራው። ከልጅነቴ ጀምሮ አስም አለብኝ። የጨርቅ ብናኝ ለአስም አይሆንም፤ ግን እንጀራዬ ነው። ሲብስብኝ ፕሬድኒሶሎን የሚባል የኮርቲዞን ዘመድ የሆነ ክኒን እውጣለሁ። መጀመሪያ ሐኪም ነበር ያዘዘልኝ፣ ኋላ ኋላ ግን ራሴ ከፋርማሲ እየገዛሁ ዓመታት ወሰድኩት። ትንፋሼን ከፈተልኝ፣ ዳሌዬን ግን በላው። የጭን አጥንት ራስ፣ ያ ኳስ የመሰለው፣ ደም የሚያገኘው በቀጫጭን ሥሮች ነው። እንዲህ ያለ መድኃኒት ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ደሙ ሊቋረጥና አጥንቱ ሊሞት ይችላል፤ ከዚያ በላዩ ሲቆሙበት እንደ ደረቀ ድርቆሽ ይፈረፈራል። መጠጥ በሚያበዙ ሰዎችም ላይ ይደርሳል ብለውኛል። እኔ ከበዓል ጠላ አልፌ አላውቅም፤ ይህን የምናገረው ሰፈሬ ሌላ ሲያወራ ስለነበር ነው።

ኅዳር 2013 ዓ.ም. ተቀየረልኝ። የኮሮና ወቅት ነበር፤ ቀዶ ሕክምና ክፍል የገባሁት ራሴ በሰፋሁት የጨርቅ ማስክ ነው። አሜሪካ ያለው ወንድሜ ላከልኝ፣ የዕቁብ ዕጣዬን ለምኜ አስቀደምኩ፣ አንድ ኦቨርሎክ ማሽኔን ሸጥኩ። በጠቅላላው 240,000 ብር ወጣ። ሆስፒታሉን አልጠራም፤ ክፉ ስላደረጉብኝ አይደለም የምጽፈው። እንዲያውም ነግቶ ስነቃ የድሮው ሕመም አልነበረም። ሌሊት ሌሊት ሲጠዘጥዘኝ የነበረው ያ የአጥንት ሕመም ጭራሽ ጠፋ፤ ይህን ብክድ እግዜር ይቀየመኛል። ስድስት ሳምንት በክራንች፣ ከዚያ በከዘራ ሄድኩ። ዝቅ ያለ በርጩማ ላይ አትቀመጥ አሉኝ፣ አልተቀመጥኩም። እግርህን አታነባብር አሉኝ፣ አላነባበርኩም። ሽንት ቤቴ ላይ ከፍ ያለ መቀመጫ በአናጢ አሠራሁ። ባለቤቴ ካልሲዬን ታለብሰኝ ነበር፤ በሠላሳ ዓመት ትዳር እንዲህ ተንከባክባኝ አታውቅም እያልኩ አስቃት ነበር።

በአራተኛው ወር ወደ ስፌት መኪናዬ ተመለስኩ። የኔ ሲንጀር በእግር የሚረገጥ ነው፤ ሞተር ግጠምለት ቢሉኝ እምቢ ያልኩበት። አዲሱን ሕመም ያገኘሁት ያን ቀን ነው። መርገጡ አይደለም ያመመኝ፣ እግሬን ከመሬት አንስቼ ፔዳሉ ላይ ማስቀመጡ ነው። ብሽሽቴ ውስጥ፣ ከላይ ከፊት በኩል፣ አንድ ነገር ጠርዝ ላይ እንደተጎተተ ገመድ ይፈትገኛል። ሚኒባስ ስሳፈርም እንዲሁ። ሱሪ ስለብስም እንዲሁ። አልጋ ላይ ወጥቼ ስጋደም ቀኝ እግሬን በሁለት እጄ ይዤ ማንሳት ጀመርኩ፣ እንደ ሌላ ሰው እግር። የምኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው፤ ሊፍት የለውም። ደረጃውን በግራ እግር እየጀመርኩ፣ ቀኙን እየጎተትኩ፣ በየፎቁ ከጎረቤት ጋር የማወራ መስዬ እያረፍኩ ሦስት ዓመት ወጣሁበት።

ወደ ሐኪሜ ተመለስኩ። ራጅ ተነሳሁ። ራጁን ብርሃን ላይ ሰቅሎ አየውና «ይሄ እኮ ያምራል!» አለኝ። እውነትም ያምር ነበር። ዳሌ አጥንቱ ላይ የገባው ኩባያ ቦታው ላይ፣ ጭኔ ውስጥ የገባው ዘንግ አጥንቱ መሀል ቀጥ ብሎ። ከስድስት ወር በኋላ ሄድኩ፣ አሁንም ያምራል ተባልኩ። በዓመቱም ያምራል ተባልኩ። እኔ ግን በሙያዬ አንድ ነገር አውቃለሁ፤ ኮት መስቀያ ላይ ሆኖ የማያምር የለም። ብብቱ ይይዝ እንደሆነ፣ ጀርባው ይጎተት እንደሆነ የሚታወቀው ደንበኛው ለብሶት እጁን ሲያነሳ ነው። የኔ ራጅ የተነሳው ተጋድሜ፣ እግሬን ሳላንቀሳቅስ፣ ከፊት ለፊት ነው። ያኔ ይህን ለሐኪሙ ማለት አልደፈርኩም። ካርዴን ይዤ ወጣሁ።

የእግሮቼን ቁመት ግን ለካሁ። ሜትር የኔ ነው፣ ማን ይከለክለኛል። ከወገቤ እስከ ተረከዜ ቀኙ ከግራው አንድ ሴንቲ ይበልጣል። ይህንን ስናገር ሐኪሙ ፈገግ አለና «የናንተ ሜትርና የኛ ሜትር ይለያያል» አለኝ። ልክ ነበር፤ ኋላ እንደተረዳሁት እነሱ የሚለኩት ከዳሌ አጥንት ጫፍ እስከ ቁርጭምጭሚት ነው፣ ዳሌ ከጋደለ በወገብ መለካት ያሳስታል። በነሱ ሜትር ሲለካ ግን ዘጠኝ ሚሊ ሆነ። ጫማ ጠጋኝ ጓደኛዬ የግራ ጫማዬን ሶል ከፍ አደረገልኝና ወገቤ ዐረፈ። ብሽሽቴ ግን ያው ነው። እንግዲህ አንድ ሕመም የመሰለኝ ሁለት ነበር ማለት ነው፤ አንዱን ሳነሳው ሌላው ብቻውን ጎልቶ ቀረ። ያንን የሚለየው ልብ ብሎ የሚያዳምጥ ሰው ነው።

ከዚያ በኋላ ያልሄድኩበት የለም። አንዱ ሐኪም ከጀርባህ የሚመጣ ነው አለ፤ የጀርባ ኤምአርአይ ተነሳሁ፣ ዲስኬ ትንሽ ወጥቷል ተባለ፣ በኔ ዕድሜ ያልወጣበት ማን አለ። አንዱ ሄርኒያ፣ የአንጀት መውረድ፣ ይሆናል ብሎ እያሳለ ብሽሽቴን ዳሰሰ፣ አልነበረም። ዲክሎፌናክ የሚባል ማስታገሻ ዋጥኩ፣ ጨጓራዬን ነካኝ። ትራማዶል የሚባል ጠንከር ያለ ማስታገሻ ዋጥኩ፣ አፍዝዞኝ አንድ ቀን አንድ ሙሉ ኮት እጅጌውን ገልብጬ ሰፋሁ፤ በዕድሜዬ ያላደረግኩትን። በዚያው ቀን ወረወርኩት። አንድ ፋርማሲ ያለ ልጅ ደግሞ «ኢንፌክሽን ይሆናል» ብሎ አንቲባዮቲክ ሸጠልኝ። ያ አንቲባዮቲክ ኋላ ያመጣብኝን እነግራችኋለሁ።

እህቴ ወጌሻ ጋ ወሰደችኝ። ሰዎች ወጌሻ ሲባል ይስቃሉ፤ ይህ ሽማግሌ ግን ብዙ የተማረ ሰው ያላደረገውን አደረገ። ብሽሽቴን በአውራ ጣቱ ነካ፣ ጠባሳዬን አየ፣ ከዚያ እጁን አነሳና «ብረት የገባበትን እኔ አላሽም፤ ስቤ ባወልቀው ማን ይመልሰዋል? የሠራልህ ሰው ጋ ሂድ» አለ። ገንዘብም አልተቀበለኝ። ጠበልም ተጠመቅሁ፤ ጠበሉ ልቤን አሳረፈው፣ ይህንንም አልክድም። የንስሐ አባቴ በሁዳዴ ስግደቱን ትተህ በቁምህ ራስህን ዝቅ አድርግ አሉኝ። ቅዳሴ ላይ በመቋሚያ ተደግፌ እቆማለሁ፤ መቆም አያመኝም ነበርና። ይህ ሁሉ ለካ ለሐኪም የሚነገር ቁም ነገር ነበር፤ ቆሜ አያመኝም፣ ተጋድሜ አያመኝም፣ ሜዳ ላይ ስሄድ ብዙ አያመኝም፣ እግሬን ሳነሳ ያመኛል። ማንም አልጠየቀኝም፣ እኔም የምናገረው «ያመኛል» ብዬ ብቻ ነበር።

የካቲት 2016 ላይ ፒያሳ ዶሮ ማነቂያ ሲፈርስ ሱቄ አብሮ ፈረሰ። ዕቃዬን ሳወጣ ደብተሮቼን አንድ በአንድ በካርቶን አደረግኩ፤ የሞቱ ደንበኞቼ ልክ ሳይቀር እዚያ ውስጥ አለ። አዲሱ ሱቅ ገብቼ ደብተሮቹን ስደረድር አንድ ባዶ ገጽ ላይ የራሴን ስም ጻፍኩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሕመሜን እንደ ልክ መጻፍ ጀመርኩ። መቼ፣ ምን ሳደርግ፣ የት ላይ፣ ስንት ደቂቃ፣ ከአሥር ስንት። «ሚኒባስ ሲወጣ፣ 7። ፔዳል ላይ ሲያነሳ፣ 8። ሲወርድ፣ 2። ሌሊት፣ 0።» አራት ወር ጻፍኩ።

ያንን ደብተር መጀመሪያ ገልጦ ያነበበው ፕሮፌሰር አይደለም። የወገብ ፊዚዮቴራፒ ብለው የላኩኝ አንድ የመንግሥት ሆስፒታል ውስጥ ያለች ልጅ ናት፣ የኔ ትንሿ ልጅ ዕድሜ ብትሆን ነው። ገጹን ሁለቴ አየችና «አባባ፣ እዚህ ላይ ይጋደሙልኝ» አለችኝ። እግሬን ራሷ ይዛ አጠፈችው፣ አላመመኝም። «አሁን እርስዎ ቀጥ አድርገው ያንሱት» ብላ መዳፏን ጭኔ ላይ አድርጋ ገፋችብኝ። ጮህኩ። «በአንድ ጣት ያሳዩኝ» አለች። አሳየኋት። «ይሄ ወገብ አይደለም፤ ጅማት ይመስለኛል፣ ግን እኔ መወሰን አልችልም» አለችና ለአጥንት ሐኪም በራሷ እጅ አንድ ሙሉ ገጽ ጻፈችልኝ። እግዚአብሔር ይስጣት። ስሟን ብጽፍ ደስ ባለኝ፣ አለቃዋ እንዳይቀየማት ፈራሁ።

አዲሱ የአጥንት ሐኪም ደብተሬንም ወረቀቷንም አነበበ። ሲያነብ ዝም አለ፤ ዝምታው ደስ አለኝ። ከዚያ እንዲህ ሲል አስረዳኝ፦ ዳሌ ከተቀየረ በኋላ ሕመም ሲኖር መጀመሪያ የሚፈለገው የሚያስፈራው ነገር ነው። ሳይተኙ የሚያሳድር፣ ቁጭ ብለህም የማይለቅህ ከሆነ ኢንፌክሽን ይጠረጠራል፤ ትኩሳት ሳይኖረው ለዓመታት ተደብቆ የሚኖር ጀርም አለ። ተነስተህ የመጀመሪያዎቹን እርምጃዎች ስትራመድ ጭንህን የሚያምህ ከሆነ ዘንጉ ላልቶ ይሆናል። ያንተ ሁለቱንም አይመስልም፣ ግን ሳላረጋግጥ አልሄድም አለኝ። ኢኤስአርና ሲአርፒ የሚባሉ የደም ምርመራዎች አዘዘ፣ ከዚያ ከመገጣጠሚያው ውስጥ በመርፌ ፈሳሽ እንዲቀዳ።

እዚህ ላይ ነው ያ የፋርማሲ አንቲባዮቲክ የያዘኝ። ፈሳሹ ሊቀዳ ቀጠሮ በያዝኩበት ሳምንት ብሽሽቴ ብሶብኝ እንደገና ከዚያው ልጅ ገዝቼ ውጬ ነበር። ሐኪሙ ሲሰማ እጁን ራሱ ላይ አደረገ። መድኃኒቱ ጀርሙን ሳይገድል ያዳክመዋል፣ ስለዚህ ቢኖርም አይታይም፤ ሁለት ሳምንት አቁመህ ተመለስ አለኝ። ተመለስኩ። ፈሳሹ ላቦራቶሪ 14 ቀን ቆየ፤ ቀስ ብለው የሚያድጉ ጀርሞች ስላሉ ቶሎ አይጣልም አሉኝ። ያን 14 ቀን አንድ ሱሪ እንኳን በቅጡ አልሰፋሁም። ምንም አልበቀለም። ኢንፌክሽን ከሆነ ሁሉም ወጥቶ እንደገና የሚገባ ነበር።

ቀጥሎ የጠየቀኝን ጥያቄ ነው ለናንተ የምጽፈው። «ምን ዓይነት ነው የገባልህ? ስንት ቁጥር?»

ሠላሳ ምናምን ዓመት ሰው ሁሉ ቁጥሩን እየጠየቅሁ ኖሬ የራሴን ዳሌ ቁጥር አላውቅም ነበር። የመውጫ ወረቀቴ ላይ ያለው አንድ መስመር ነው፤ ቀኝ ዳሌ ተቀይሯል፣ በደህና ወጥቷል። ሐኪሙ እንደነገረኝ ሰው ሠራሽ ዳሌ አንድ ዕቃ አይደለም፣ አራት ነው። ዳሌ አጥንት ላይ የሚቀመጥ ኩባያ፣ በኩባያው ውስጥ የሚገባ ገበር፣ ኳሱ፣ ጭን አጥንት ውስጥ የሚገባው ዘንግ። ገበር ሲል ሳቅ አለኝ፤ ኮትም ገበር አለው። እያንዳንዱ ከፋብሪካ ሲወጣ በሣጥኑ ላይ ተለጣፊ ወረቀት አለው፤ ሠሪው፣ ዓይነቱ፣ ቁጥሩ፣ የምርት መለያው ተጽፎበታል። ቀዶ ሕክምና ላይ ሣጥኑ ሲከፈት ተለጣፊው ይነሳና የበሽተኛው ካርድ ውስጥ ይለጠፋል። ይህ ቁጥር ከሌለ ሌላ ሐኪም ሊነካኝ ይቸገራል፤ ገበሩን ወይም ኳሱን ብቻ መቀየር ቢያስፈልግ እንኳን የሚገጥመውን ስለማያውቅ ደህናውንም ጨምሮ ሊያወጣው ይገደዳል። ቁጥሩ ያልታወቀ ቁልፍ ሲወልቅ ሁሉንም ቁልፎች እንደመቀየር በሉት።

ዳሌዬ የተቀየረበት ሆስፒታል ካርድ ክፍል ስድስት ጊዜ ሄድኩ። በመጀመሪያው ቀን «የለም» ተባልኩ። በሁለተኛው «ካርዱ አርካይቭ ገብቷል፣ በሳምንቱ ና»። በሦስተኛው አርካይቭ የያዘው ሰው ዓመት ፈቃድ ወጥቷል። በአራተኛው መብራት የለም። በአምስተኛው አንዲት ጠና ያለች ሴት ከመስኮቱ ጀርባ ሆና «ጋሼ፣ ስምዎትን በእንግሊዝኛ እንዴት ነው የሚጽፉት?» አለችኝ። ነገርኳት። «የአባትዎን ስም በ‹ኬ› ነው በ‹ኪው› የሚጽፉት?» ወይ ጉድ! እኔ በአማርኛ ‹ቀ› ብዬ የማውቀውን ስም አንዱ ጸሐፊ እንዲህ፣ አንዱ እንዲያ ጽፎታል። በስድስተኛው ቀን ካርዴ ተገኘ፤ በሌላ ሰው ካርድ መሀል ገብቶ፣ በ‹ኬ›።

ውስጡ አራቱም ተለጣፊዎች ነበሩ። አራቱም! አራት ዓመት ሊሞላቸው ምንም ሳይላቀቁ እዚያ ተቀምጠዋል፣ እኔ ደግሞ ከተማውን ስዞር። ካርዱን ይዤ ልወጣ አይፈቀድልኝም፤ ሴትዮዋ ግን በስልኬ ፎቶ እንዳነሳ ፊቷን አዞረችልኝ። ኩባያው 56 ሚሊ ነው።

ሐኪሙ ሲቲ ስካን አዘዘ። በሲቲው ላይ ግራ ዳሌዬን፣ ያልተነካውን፣ ለካው፤ ኳሱ 47 ሚሊ ነው። እኔ 56 እና 47 አጠገብ ለአጠገብ ሳይ ዓይኔ ፈጠጠ። እሱ ግን አረጋጋኝ፤ ኩባያው ከድሮው ኳስ ጥቂት መብለጡ የግድ ነው፣ ለስላሳው ንጣፍ ስለሚወጣ፣ አጥንቱም እንዲይዝ ትንሽ ስለሚፈቀፈቅ። ዘጠኝ ግን በዛ ያለ ነው አለ። ከዚያ በኮምፒዩተሩ ላይ ሥዕሉን እንደ ዳቦ ቆራርጦ አሳየኝ። ከፊት በኩል የኩባያው ጠርዝ ከአጥንቱ ወጣ ብሏል፣ ጥቂት ሚሊ። በዚያ ጠርዝ ላይ ነው ከጀርባ አጥንት ተነስቶ በብሽሽት አልፎ ጭን ላይ የሚታሰረው ትልቁ ጅማት የሚያልፈው፣ እግር የሚያነሳው ጅማት። እግሬን ባነሳሁ ቁጥር ይፈተጋል። ከፊት ለፊት የሚነሳው ራጅ ይህን አያሳይም። ልክ እንደ ኮቱ፣ ከፊት ሲያዩት ያምራላ።

የመጀመሪያውን ሐኪሜን አልወቅስም። የሞተ አጥንት ከፍቶ ያየው እሱ ነው፤ ትልቁን የመረጠው ይያዝልኝ ብሎ ይሆናል። እኔም ጨርቁ ሲሰስትብኝ ስፌቱን አስፍቼ አውቃለሁ። ቅር ያለኝ «ያምራል» ብሎ ማቆሙ ነው።

ማረጋገጫው መርፌ ነበር። ጥር 2017 በአልትራሳውንድ እያዩ ጅማቱ ዙሪያ ማደንዘዣ ከኮርቲዞን ጋር ወጉኝ። ኮርቲዞን ሲሉኝ ፈራሁ፤ ዳሌዬን የበላው የሱ ዘመድ አይደለም ወይ? ሐኪሙ ለዓመታት ሲዋጥ የኖረ ክኒንና አንድ ቦታ ላይ አንድ ቀን የሚወጋ መርፌ አንድ አይደለም፣ ግን መጠየቅህ ጥሩ ነው አለኝ። ሃያ ደቂቃ አስቀመጡኝና «ተነስና ደረጃውን ውጣ» አሉኝ።

በቀኝ እግሬ ጀመርኩ። ሁለት ፎቅ ወጣሁ፣ ወረድኩ፣ እንደገና ወጣሁ። አንዲት ነርስ «አባት፣ ማንን ፈልገው ነው?» አለችኝ። ማንንም አልኳት። በራይድ ወደ ሱቄ ሄጄ ሲንጀሬ ላይ ተቀመጥኩና ጨርቅም ክርም ሳላደርግ ባዶውን ረገጥኩት። እግሬን አነሳዋለሁ፣ አስቀምጠዋለሁ፣ አነሳዋለሁ። ጎረቤቴ ባለ ጫማው መጥቶ «ምን ሆነሃል?» አለኝ፤ ምን ብዬ ልንገረው። ወደ ማታ ማደንዘዣው ለቀቀ፣ ሕመሙም ተመለሰ። ቢመለስም የዚያን ለሊት እንደ ሕፃን ተኛሁ፤ ቦታው ታውቋልና።

ኮርቲዞኑ ከቀናት በኋላ ሠርቶ ሦስት ወር ያህል አሳረፈኝ፣ ከዚያ ጥቂት ጥቂት ተመለሰ። ሁለት መንገድ ቀርቦልኛል፤ ጅማቱን በትንሽ ቀዶ ሕክምና መልቀቅ ወይም ኩባያውን መቀየር። የመጀመሪያው ቀለል ይላል፣ ግን እግር የማንሳት ጉልበት ትንሽ ይቀንሳል፣ ጠርዙ ብዙ ለወጣ ሰውም ላይበቃው ይችላል። ሁለተኛው ከባድ ነው። የመጀመሪያውን መርጬ ተራ ይዣለሁ። እስከዚያው ሲንጀሩ ላይ ሞተር አስገጥሜያለሁ፤ ተሸነፍኩለት።

ልጄ ከስልኳ እያነበበች የነገረችኝን ደግሞ ልጨምር። ይህን ዳሌ ዛሬ በምናውቀው መልክ የሠራው እንግሊዛዊው የአጥንት ሐኪም ጆን ቻርንሊ መጀመሪያ ኩባያውን የሠራው በቴፍሎን ነበር፤ ወደ 300 በሚጠጉ ሰዎች ላይ ከገባ በኋላ ቴፍሎኑ በጥቂት ዓመት አለቀ። የራሱን በሽተኞች እንደገና ከፈታቸው፣ ከዚያ በ1962 እ.ኤ.አ. ሌላ ፕላስቲክ አመጣ፣ እስካሁን የምንሄድበት የዚያ ዘር ነው። ስዊድኖች ደግሞ ከ1979 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የገባውን ዳሌ ሁሉ በአገር አቀፍ መዝገብ ይጽፋሉ። እንዲህ ያሉ መዝገቦች ናቸው በአውስትራሊያና በእንግሊዝ አንድ ብረት በብረት ላይ የሚሽከረከር ዳሌ ከሌላው ቶሎ ቶሎ እየወጣ መሆኑን ያጋለጡት፤ በ2010 እ.ኤ.አ. ከገበያ ሲሰበሰብ በዓለም ላይ ወደ 93,000 ሰው ውስጥ ገብቶ ነበር። እነዚያን ሰዎች ፈልጎ ማግኘት የተቻለው ቁጥራቸው ስለተጻፈ ነው። የኔ ዓይነቱ ከገበያ ቢሰበሰብ ማን ይጠራኛል? በ‹ኬ› ነው በ‹ኪው› የሚፈልጉኝ?

ዳሌ ከተቀየሩ መቶ ሰዎች መሀል ከ7 እስከ 23 የሚሆኑት ለረጅም ጊዜ ሕመም እንዳላቸው በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣ ብዙ ጥናቶችን ያሰባሰበ ጽሑፍ ይላል። ብዙው ሰው ደህና ይሆናል፤ ለመቀየር የፈራ ካለ እኔን አይቶ አይቅር። ለቀሪው ግን «ትለምደዋለህ» መልስ ሊሆን አይገባም።

የምጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም፣ የውጭ ምንዛሪም አይፈልግም። ከነዚያ ተለጣፊዎች የአንዱ ስብስብ ቅጂ፣ ወይም ቁጥሮቹ በእጅ ተጽፈው፣ በሽተኛው ሲወጣ በእጁ ይሰጠው። ሆስፒታሎች ነገ ጠዋት ሊጀምሩት ይችላሉ። የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንም እንዲህ ያለ ዕቃ አገር ሲገባ እንደሚመዘግበው ሁሉ ሰው ውስጥ ሲገባ የሚመዘገብበትን መንገድ ቢያስብ። እኔ አንድ ሱሪ ስሰፋ ለደንበኛው ደረሰኝ እሰጣለሁ፣ ልኩንም በደብተር አስቀምጣለሁ፤ 240,000 ብር የፈጀ ዳሌ ከሱሪ አያንስም።

የራሴ ገጽ አሁን ደብተሬ ውስጥ ሞልቷል። ወገብ 86፣ ዳሌ 101፣ ኩባያ 56፣ ኳስ 28። ዘንጉንም ገበሩንም ከነመለያቸው ጽፌዋለሁ።

ያ ባለ ሱሪ ሰውዬ ቅዳሜ ሊወስድ ይመጣል። የግራውን አላሳጠርኩለትም፤ መጀመሪያ ካርድ ክፍል ሄደህ ቁጥርህን ይዘህ ና ብዬዋለሁ፣ ስሙንም በእንግሊዝኛ በስንት ዓይነት ሊጻፍ እንደሚችል በጠመኔ ሰሌዳዬ ላይ ጽፌ አሳይቼዋለሁ።

አክባሪያችሁ
አንድ ልብስ ሰፊ
ከአዲስ አበባ